ሰው በዛ ወይስ ፍትሕ አነሰ? የሕዝብ ብዛትና የምድር ሀብት ክርክር ከኢብኑ ኸልዱን እስከ ወሎ



ኑሮ በተወደደ ቁጥር ከመስጂድ ደጃፍ እስከ ታክሲ ሰልፍ ድረስ ሁለት ንግግር ይሰማል። አንዱ «ሰዉ በዛ፣ መሬቱ ያው ነው፤ እህሉ ከየት ይምጣ?» ይላል። ሌላው «ልጅ ከነሪዝቁ ነው የሚወለደው፤ ቁጥር ምን ያስጨንቃል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ንግግሮች ዛሬ የተጀመሩ አይደሉም። ሊቃውንት ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ጽፈውባቸዋል፣ መንግሥታት ሕግ አውጥተውባቸዋል። የገዛ ሀገራችን የወሎ ረሃብም በዚህ ክርክር ውስጥ ከሚጠቀሱት ትልልቅ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን የክርክሩን ታሪክ ከሥሩ እንመለከታለን። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልብ በሉልን። ስለ ረሃብ የሚነገር ሐሳብ ሐሳብ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ጎተራ ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሐሳብ ስናነሳ «እውነት ነው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ሥልጣን ላይ ሲወጣ ምን አደረገ?» ብለንም እንጠይቃለን። (ዓመታቱ «በኢትዮጵያ» ካላልን በስተቀር የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ኢብኑ ኸልዱን፦ ብዙ እጅና የገዢ በደል

ዐብዱረሕማን ኢብኑ ኸልዱን በ1332 ቱኒስ ተወለዱ። ገና በአፍላ ወጣትነታቸው፣ በ1348 እና 1349፣ «ጥቁሩ ሞት» የሚባለው ወረርሽኝ ከተማዋን መታ። እናት አባታቸውንና ብዙ መምህሮቻቸውን ወሰደባቸው። ሀገር ሰው ሲጎድልባት ምን እንደምትመስል በዓይናቸው አይተዋል ማለት ነው። በ1377 ዛሬ አልጄሪያ በምንላት ሀገር፣ ቀልዐት ኢብኑ ሰላማ በተባለ ምሽግ ተቀምጠው «ሙቀዲማ»ን ሲጽፉ ይህ ትዝታ አብሯቸው ነበር።

የኢብኑ ኸልዱን መነሻ ቀላል ነው። አንድ ሰው ብቻውን የአንድ ቀን ስንዴ እንኳ ማግኘት አይችልም። ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ መፍጨት፣ መጋገር አለ። ለማረሻው ብረት ቀጥቃጭ፣ ለሞፈሩ አናጢ፣ ለድስቱ ሸክላ ሠሪ ያስፈልጋል። ሰዎች ሲተባበሩ ግን የሚያመርቱት ከራሳቸው ፍላጎት አልፎ ለብዙዎች ይተርፋል። ስለዚህ ሰው የበዛበት ከተማ ሥራውም ሙያውም ሀብቱም ይበዛል። የኛ ሰው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ነገር ግን ኢብኑ ኸልዱን «ሰው ይብዛ እንጂ ሌላው ይስተካከላል» አላሉም። አንድ መንግሥት ሲያረጅ ሰው በዝቶ ሳለ ረሃብና ወረርሽኝ እንደሚደጋገሙ ተመልክተዋል። ምክንያቱን ሲያስረዱ ግን ጣታቸውን በቅድሚያ የቀሰሩት በተራቢው ላይ አይደለም። ግብር ሲከብድና በደል ሲበዛ ገበሬው ከእርሻው እጁን ያነሳል፤ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ እህል ይጠፋል። ዝናብ ደግሞ አንድ ዓመት ይበዛል፣ አንድ ዓመት ያንሳል። በጎተራ የተቀመጠ ከሌለ የአንድ ዓመት የዝናብ ማነስ ዋጋውን ይሰቅለዋል፤ ድሃውም ይሞታል። ወረርሽኙን ደግሞ ከከተማ መጨናነቅና ከአየር መበከል ጋር አያይዘውታል። ብዛት በረከትም ጫናም ሊሆን እንደሚችል፣ በሁለቱ መካከል የሚወስነው የሀገር አስተዳደር እንደሆነ ከአራት መቶ ዓመታት በፊት ቀድመው ጽፈዋል። ከምን አራት መቶ ዓመት በፊት? ከማልተስ።

2. ማልተስ፦ የሚሮጠው ቁጥርና የሚያዘግመው እህል

ቶማስ ሮበርት ማልተስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። በ1798 ስለ ሕዝብ ብዛት አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በመጀመሪያው እትም ስሙን እንኳ አልጻፈበትም። ዘመኑ የፈረንሳይ አብዮት ማግስት ነው። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴና እንግሊዛዊው ጎድዊን «የሰው ልጅ በእውቀትና በፍትሕ ኑሮውን እያሻሻለ ይሄዳል» የሚል ተስፋ ይሰብኩ ነበር። ማልተስ የተነሳው ይህን ተስፋ ለመቃወም ነው።

ሙግቱ በስሌት የቆመ ነው። ሕዝብ ካልተገታ በየ25 ዓመቱ እጥፍ ይሆናል፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ። ምግብ ግን የሚጨምረው 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እያለ ነው። ሁለቱም ከአንድ ቢነሱ ከ200 ዓመት በኋላ ሕዝቡ 256፣ ምግቡ 9 ይሆናል። ይህ ሊሆን ስለማይችል ረሃብ፣ በሽታና ጦርነት ቁጥሩን ይቀንሱታል። በ1803 ባወጣው ሰፊ እትም ሌላ መንገድ ጨመረ፤ ሰዎች ትዳርን በማዘግየት ራሳቸውን ሊገቱ እንደሚችሉ ጻፈ።

ፍርዳችን ፍትሐዊ ይሁን። ማልተስ ከንቱ ነገር አልተናገረም። ከእርሱ በፊት የነበረው የዓለም ታሪክ በብዙ ቦታ እርሱ እንዳለው ነበር፤ መሬት ሲጠብ ኑሮ ይከብዳል፣ ክፉ ዓመት ሲመጣ ብዙ ሰው ያልቃል። እንዲያውም ከእርሱ አምስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1793፣ ሆንግ ሊያንግጂ የተባለ ቻይናዊ ሊቅ ተመሳሳይ ስጋት ጽፎ ነበር። ሁለቱ አይተዋወቁም። ሁለት ሰው በሁለት የምድር ዳርቻ አንድ ነገር ካየ፣ ያየው ነገር አለ ማለት ነው።

ችግሩ ከዚህ ያወጣው መደምደሚያ ላይ ነው። ማልተስ በእንግሊዝ ለድሆች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ተቃወመ። ድሃው ከተረዳ ቶሎ ያገባል፣ ብዙ ይወልዳል፣ ድህነቱም ይብሳል አለ። በ1834 የወጣው አዲሱ የእንግሊዝ የድሆች ሕግ ይህን መንፈስ ይዞ ርዳታን ከባድ ሥራ ከሚሠራባቸው አስፈሪ መጠለያዎች ጋር አሰረው። ማልተስ ከ1805 ጀምሮ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹማምንት በሚሠለጥኑበት በሄይልበሪ ኮሌጅ መምህር ነበር። ሐሳቡ ከመጽሐፍ ወደ ሹም ጠረጴዛ የተሻገረበት አንዱ ድልድይ ይህ ኮሌጅ ነው።

3. ሐሳቡ ሹመት ሲያገኝ፦ አየርላንድና ህንድ

በ1841 በተደረገው ቆጠራ አየርላንድ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። መሬቱ በአብዛኛው የባለርስቶች ነበር። ድሃው ጢሰኛ በጠባብ ቁራሽ መሬት ድንች ተክሎ ይኖራል፤ እህሉና ከብቱ ለኪራይና ለገበያ ይሄዳል። በ1845 የድንች በሽታ ገባ። በቀጣዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስም ተሰደደ። በዚያው ወቅት እህልና ከብት የጫኑ መርከቦች ከአየርላንድ ወደ እንግሊዝ ይሄዱ ነበር።

የርዳታውን ሥራ ከለንደን ሆኖ ይመራ የነበረው የግምጃ ቤቱ ሹም ቻርልስ ትሬቬልያን በሄይልበሪ የተማረ ሰው ነው። መንግሥት በገበያ ጣልቃ እንዳይገባ፣ ርዳታም እንዳይለምድ ይጠነቀቅ ነበር። በ1847 የበጋ ወራት ግን የሾርባ ማደያዎች ተከፍተው በቀን እስከ 3 ሚሊዮን ሰው መገቡ። ሕዝቡን መመገብ እንደሚቻል በተግባር ታየ። ከዚያ በዚያው ዓመት ማደያዎቹ ተዘጉ፤ ረሃቡ ግን ገና አላበቃም ነበር። በዚያ ዓመት የዑስማኒያው ሱልጣን ዐብዱልመጂድ ለአየርላንድ ርሃብተኞች 1,000 ፓውንድ እንደላኩ የታወቀ ነው። ርቀትና የሃይማኖት ልዩነት እጃቸውን አላሰረውም።

ከህንድ ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንመልከት። በ1873 እና 1874 ቢሃር በተባለው ግዛት ድርቅ ሲገባ የእንግሊዝ ሹም ሪቻርድ ቴምፕል ከበርማ በብዛት ሩዝ አስገዝቶ አከፋፈለ። በረሃብ የሞተው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ሊመሰገን ሲገባው «ገንዘብ አባከንክ» ተብሎ ተወቀሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ በደቡብ ህንድ የባሰ ድርቅ መጣ። እንደራሴው ሎርድ ሊተን የህንድ ሕዝብ ከምድሪቱ ምግብ ይልቅ በፍጥነት እንደሚያድግ የሚያምን ሰው ነበር፤ የላከውም ያንኑ ቴምፕልን ነው። ቴምፕል በዚህ ጊዜ ከወቀሳው ተምሯል፤ በከባድ የቀን ሥራ ላይ ለተሰማራ ረሃብተኛ ወደ 450 ግራም የሚጠጋ ሩዝ ብቻ ወሰነ። ስንዴ ወደ ውጭ መላኩም አልቆመም። ከ1876 እስከ 1878 ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ።

አንድ ሹም፣ አንድ ሀገር፣ ሁለት ድርቅ። በመካከላቸው የሕዝቡ ብዛት ይህን ያህል አልተለወጠም። የተለወጠው ከላይ የመጣው ትእዛዝና ከትእዛዙ ጀርባ ያለው ሐሳብ ነው።

4. ከቤንጋል እስከ ወሎ፦ እህል እያለ መራብ

በ1943 ቤንጋል ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሰው በረሃብ ሞተ። አማርትያ ሴን ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ርሃብተኞች በደጃቸው ሲያልፉ አይቷል። ካደገና የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከሆነ በኋላ ወደ መዛግብቱ ተመለሰ። ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስደነገጠ። የ1943 የምግብ አቅርቦት ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ያነሰው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 ደግሞ ይበልጥ ነበር። ታዲያ ሰው ለምን ሞተ? በጦርነቱ ምክንያት የሩዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ የገጠር የቀን ሠራተኛው፣ የዓሣ አጥማጁና የእጅ ባለሙያው ገቢ ባለበት ቀረ። ሩዙ ነበረ፤ እነርሱ ጋ ግን የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

ሴን በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትት መጽሐፉ ከቤንጋል ቀጥሎ አንድ ምዕራፍ የሰጠው ለኢትዮጵያ ነው። የኛ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱትን፣ በኢትዮጵያ በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎን ያረገፈውን ረሃብ ማለታችን ነው። በወሎ ዝናብ ቀርቶ አዝመራው ጠፍቷል፤ ይህ አይካድም። በሀገር ደረጃ ግን የዚያ ዓመት ምርት ከወትሮው ብዙ አልወረደም። እጅግ የሚያስገርመው በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሄደ እህልም አለ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ነገሩ እንዲህ ነው። የገበሬው ማሳ ሲደርቅ የሚጠፋው ምግቡ ብቻ አይደለም፤ ገቢውም አብሮ ይጠፋል። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ገበያ ሄዶ ዋጋ ሊያስወድድ አይችልም። ነጋዴም እህሉን የሚወስደው ርሃብ ወዳለበት ሳይሆን ብር ወዳለበት ነው። የደሴ ገበያ ጸጥ ያለው ችግር ስላልነበረ አልነበረም፤ ተራቢው ገዢ መሆን ስላቃተው ነው።

ከሁሉ የከፋ ከተጎዱት መካከል የአፋር አርብቶ አደሮች ይገኙበታል። ድርቅ ለአፋር አዲስ ነገር አልነበረም። ድሮ ድርቅ ሲመጣ ከብታቸውን ወደ አዋሽ ዳር ለምለም መሬት ያወርዱ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ከዚያ መሬት ብዙው ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ተሰጥቷል። ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውም ሲሸጥ የሚያስገኘው እህል እጅግ አነሰ። እዚህ ላይ የበዛው የአፋር ሕዝብ ነው ወይስ የተወሰደው የአፋር የድርቅ ጊዜ ግጦሽ?

የንጉሡ መንግሥት ነገሩን አፍኖ ለማሳለፍ ሞከረ። በጥቅምት 1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን የተደበቀው ወጣ። በዓመቱ ውስጥ ዘውዱ ወደቀ። የሟቾቹን ቁጥር አጥኚዎች በአሥር ሺዎች አንዳንዶችም እስከ 200 ሺህ ያደርሱታል። እነዚህ ሰዎች የሞቱት «ሰው በዝቶ» ነው ብሎ ማለፍ በሟች ላይ ሁለተኛ በደል መጨመር ነው።

5. ቦስረፕ፦ መሬት ሲጠብ ብልሃት ይሰፋል

እስካሁን ያነሳነው ስለ ክፍፍል ነው። «ክፍፍሉ ይሁን፤ ግን መሬቱ ራሱ አያልቅም ወይ?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

የዴንማርክ ተወላጅ የሆነችው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ኤስተር ቦስረፕ በ1965 ለዚህ ጥያቄ የማልተስን ሐሳብ የሚገለብጥ መልስ ሰጠች። ማልተስ «ምግብ የሕዝቡን ቁጥር ይወስናል» ሲል እርሷ «የሕዝቡ ቁጥር የእርሻውን ዘዴ ይለውጣል» አለች። ሰው ጥቂት ሲሆን ጫካ አቃጥሎ ይዘራል፣ ከዚያ መሬቱን ለብዙ ዓመት ያሳርፋል። ሰው ሲበዛ የማሳረፊያው ጊዜ ያጥራል፤ በመቆፈሪያ እንጨት ፈንታ ዶማ፣ በዶማ ፈንታ ማረሻ ይመጣል። ፍግ፣ መስኖ፣ እርከን ይከተላል። ሥራው ይከብዳል፤ ምርቱ ግን ብዙ ሰው ይሸከማል።

ጎረቤታችን ኬንያ ለዚህ ጥሩ ምስክር አላት። በ1930ዎቹ የእንግሊዝ ሹማምንት የማቻኮስን አውራጃ አፈሩ የታጠበ፣ ሰውና ከብት ከአቅሙ በላይ የሞላበት የጠፋ ሀገር አድርገው ይጽፉ ነበር። በ1990 የማቻኮስ ሕዝብ ከ1932ቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። በማልተስ ስሌት በረሃ መሆን ነበረበት። በ1994 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ግን ኮረብታዎቹ በእርከን ተሸፍነው፣ ዛፍ በዝቶ፣ የነፍስ ወከፍ ምርቱም አድጎ ተገኘ። አፈርን ወደ ላይ የሚወረውረው «ፋንያ ጁ» የተባለው የእርከን ዘዴ በኛም ሀገር የእርሻ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

ከሀገራችን ደግሞ ኮንሶን እንጥቀስ። የኮንሶ ሕዝብ ድንጋያማና ተዳፋት የሆነ ደረቅ ምድሩን ከ400 ዓመት በላይ በካብ እያሰረ አርሶ በልቷል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይሁንና ይህ በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም። የማቻኮስ ገበሬ መሬቱ የእርሱ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ የናይሮቢ ገበያ ቅርቡ ነው፤ ቡናና አትክልት ይሸጣል። ነገ እንደሚነጠቅ የሚያውቅ ገበሬ ግን ካብ አይክብም። ብዛት ብልሃትን የሚወልደው የሠራ ሰው የሥራውን ፍሬ ሲያገኝ ነው።

6. «የሕዝብ ቦምብ» እና የአንድ ሺህ ዶላር ውርርድ

የማልተስ ስጋት ግን አልሞተም። በ1968 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት ሊቅ ፖል ኤርሊክ «የሕዝብ ቦምብ» የተባለ መጽሐፍ አወጣ። በ1970ዎቹ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው በረሃብ እንደሚያልቅ ተነበየ። ትንቢቱ በዚያ መጠን አልተፈጸመም። የዓለም ሕዝብ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኖ በኅዳር 2022 ስምንት ቢሊዮን ደርሷል።

ለምን አልተፈጸመም? ከምክንያቶቹ አንዱ እውቀት ነው። ፍሪትስ ሃበር በ1909 ከአየር ውስጥ ናይትሮጅን ወስዶ አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1913 ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚመገበው በዚህ ዘዴ በተገኘ ማዳበሪያ ነው። ኖርማን ቦርሎግ ደግሞ አጭርና ብዙ የሚያፈራ ስንዴ አዳቅሎ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። ህንድ በ1965 ወደ 12 ሚሊዮን ቶን የነበረ የስንዴ ምርቷን በ1970 ወደ 20 ሚሊዮን ቶን አደረሰች።

በ1980 ጁልየን ሳይመን የተባለ የምጣኔ ሀብት ምሁር ኤርሊክን በአደባባይ ተፎካከረው። መዳብ፣ ክሮም፣ ኒኬል፣ ቆርቆሮና ተንግስተን ለእያንዳንዳቸው 200 ዶላር፣ በድምሩ 1,000 ዶላር ተመደበ። በአሥር ዓመት ውስጥ ዋጋቸው ከጨመረ ኤርሊክ፣ ከቀነሰ ሳይመን ያሸንፋል። በእነዚያ አሥር ዓመታት የዓለም ሕዝብ ከ800 ሚሊዮን በላይ ቢጨምርም የአምስቱም እውነተኛ ዋጋ ወረደ። በ1990 ኤርሊክ የ576 ዶላር ከ7 ሳንቲም ቼክ ላከ። ውርርድ በዲናችን ያለውን ፍርድ እናውቃለን፤ የምንጠቅሰው ለታሪኩ ነው። ደግሞም ማስረጃነቱ የተወሰነ ነው፤ ሌሎች የአሥር ዓመት ጊዜያት ቢመረጡ ኤርሊክ የሚያሸንፍባቸው ብዙ ናቸው። ገበያ የማዕድንን ዋጋ ይነግረናል እንጂ የጠፋ ጫካን ወይም የደረቀ ምንጭን ዋጋ አይነግረንም። ያው የህንድ ስንዴ የበቀለበት የፑንጃብ ምድር ዛሬ የከርሰ ምድር ውሃው በፍጥነት እየወረደ ነው።

ስጋቱ ሥልጣን ላይ ሲወጣስ? በህንድ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን፣ ከ1976 እስከ 1977 ባለው አንድ ዓመት ብቻ፣ ወደ 8 ሚሊዮን ሰው እንዳይወልድ ተደርጓል። ብዙው በግዴታ፣ በማስፈራራት ወይም ደመወዝና መሬት በመከልከል ነው። ሸክሙ የወደቀው በድሆች ላይ ነበር። የድሮዋ ዴልሂ ሙስሊሞች የሚኖሩበት የቱርክማን በር ሰፈር በ1976 ቤቶቹ ሲፈርሱ ሕዝቡ ተቃወመ፤ ተኩስም ተከፈተበት። በ1977 ምርጫ መንግሥቱ ወደቀ፤ የቤተሰብ ምጣኔ የሚለው ቃል ራሱ ለዓመታት በህንድ የሚያስፈራ ቃል ሆኖ ቀረ።

7. የጋራ ውሃ፣ የጋራ ግጦሽ

በዚያው በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ ምሁር ሌላ ታዋቂ ጽሑፍ አወጣ። ግጦሽ የጋራ ከሆነ እያንዳንዱ አንድ ላም ይጨምራል፣ በመጨረሻ ግጦሹ ይጠፋል አለ። መፍትሔው ወይ የግል ማድረግ ወይ በመንግሥት ቁጥጥር ማስገደድ ነው ተባለ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ዓለምን ዞራ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ አሳየች። ባለቤትነቱ የታወቀ፣ ሕጉን ራሱ ያወጣ፣ አጥፊን የሚቀጣ ማኅበረሰብ የጋራ ሀብቱን ለመቶዎች ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። በ2009 በዚህ ሥራዋ የምጣኔ ሀብት ኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ካጠናቻቸው አንዱ የስፔኗ ቫሌንሲያ የመስኖ ሥርዓት ነው። የውሃ ዳኞቹ ዛሬም በየሐሙሱ እኩለ ቀን በካቴድራሉ በር ተሰብስበው በቃል ይፈርዳሉ። ካቴድራሉ የቆመው የቀድሞው ታላቁ መስጂድ በነበረበት ቦታ ነው። ስፔናውያን የመስኖ ቦይን «አሴኪያ» ሲሉ «አስ-ሳቂያ» የሚለውን ዐረብኛ መናገራቸው ነው።

ከዚያም በፊት በመዲና ዙሪያ «ሒማ» የተባለ የተከለለ ግጦሽ ነበር። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ለሒማው ጠባቂ ለሁነይ የሰጡትን መመሪያ ሐዲስ ዘጋቢዎች አቆይተውልናል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያላቸውን አስገባ፤ የዑስማን ኢብኑ ዐፋንንና የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን ከብቶች ግን ተጠንቀቅ የሚል ነው። ምክንያቱም የባለጸጎቹ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት እርሻና ተምር አላቸው፤ የድሃው ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል። በዐሙ ረማዳ፣ በታላቁ የድርቅ ዓመትም፣ ከሌሎች ግዛቶች ምግብ አስመጥተው አከፋፈሉ፤ ሕዝቡ እስኪጠግብ ራሳቸው ቅቤና ሥጋ ተዉ። የአፋርን የአዋሽ ዳር ግጦሽ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ግጦሽ ሲጠብ ማን ቀድሞ ይውጣ የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለት ዓይነት ነው።

8. እንግዲህ ምን እንያዝ?

«ቁጥር ምንም አይደለም» አላልንም። በሀገራችን በ1994 ቆጠራ 53 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ በ2007 ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ደርሷል። በደጋው ክፍል ብዙ ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር ባነሰ መሬት ይኖራል፤ አባት ለአራት ልጅ ሲያካፍል ምን እንደሚደርሳቸው ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። ሪዝቅ ከአላህ ነው ማለት አፈሩ ሲታጠብ ቁጭ ብሎ ማየት ማለት አይደለም።

ነገር ግን ቁጥርም ቢሆን በዱላ አልተገራም። ኢራን ውስጥ በ1980ዎቹ አጋማሽ አንዲት እናት በአማካይ ከስድስት በላይ ልጅ ትወልድ ነበር፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሁለት ወርዷል። ባንግላዴሽም ተመሳሳይ መንገድ ሄዳለች። የረዳቸው የገጠር ጤና ጣቢያ፣ የሴት ልጆች ትምህርትና የሕፃናት ሞት መቀነስ ነው። ልጁ እንደሚያድግለት እርግጠኛ የሆነ ወላጅ ስንት ልጅ እንደሚበቃው ራሱ ይመዝናል። በኛም ሀገር በ2000 በአማካይ 5.5 የነበረው በ2016 ወደ 4.6 ዝቅ ብሏል። የሚገርመው ኮንዶርሴ፣ ማልተስ የተቃወመው ያ ፈረንሳዊ፣ የተማረ ሕዝብ ቁጥሩን በፈቃዱ እንደሚመጥን አስቀድሞ ጽፎ ነበር።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ነገ «ሰው ስለበዛ ነው» የሚል ስትሰሙ ወዲያው አትቃወሙ፣ ወዲያውም አትቀበሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ። እህሉ ያለው የት ነው፣ ማንስ ነው መግዛት ያቃተው? መሬቱን ወይም ውሃውን በክፉ ቀን ይጠቀምበት የነበረው ማን ነበር፣ ዛሬስ በማን እጅ ነው? ገበሬው የሚሠራው ካብ ለልጁ እንደሚተርፍ ያምናል ወይ? ለእነዚህ መልስ ካገኛችሁ በኋላ ቁጥሩን ቁጠሩ። ቆጠራውን የሚያስቀድም ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው የድሃውን ልጆች እንጂ የባለጸጋውን ጎተራ አይደለም።

ወላሁ አዕለም።